ክራፍትስን ማየት፦ ጠዋት፣ ከሪንጉ ዳር

የክራፍትስን፣ ማለትም በእንግሊዝ በየዓመቱ የሚካሄደውን ትልቅ የውሻ ትርኢት፣ ትኬት የሚቆርጥ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው እሑድ ማታ ላይ ነው። መብራቱ ይደምቃል፣ የሰባቱ የውሻ ዝርያ ምድቦች አሸናፊዎች በአረንጓዴው ምንጣፍ ላይ ይሰለፋሉ፣ ዋንጫው ይሰጣል። ይህ ሁሉ በቴሌቪዥንም ይታያል። በርሚንግሃም ድረስ የሄደ ሰው ብቻ የሚያገኘው ግን ጠዋት በአዳራሾቹ ውስጥ ያለውን ነው። ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ያ ጠዋት እንዳያመልጣችሁ ብዬ ነው።

ትርኢቱን ቻርልስ ክራፍት እ.ኤ.አ. በ1891 ለንደን ኢዝሊንግተን ውስጥ ጀመረው። ከ1948 ወዲህ የሚያካሂደው የብሪታንያ የውሻ ዝርያዎች መዝጋቢ ድርጅት የሆነው ኬኔል ክለብ ሲሆን፣ ከ1991 ጀምሮ ቦታው ኤን.ኢ.ሲ የተባለው የበርሚንግሃም ኤግዚቢሽን ማዕከል ነው። በማርች ወር ከሐሙስ እስከ እሑድ አራት ቀን ይፈጃል። በየቀኑ የሚቀርበው የውሻ ምድብ ስለሚለያይ፣ ማየት የምትፈልጉት ዝርያ የትኛው ቀን እንደሚወዳደር ሳታጣሩ ትኬት አትግዙ። ላብራዶር ለማየት መጥቶ ቴሪየር ብቻ አይቶ የሚመለስ ሰው አለ። የራሳችሁን ውሻ ይዛችሁ አትምጡ፤ ለውድድር ያልተመዘገበ አይገባም። በባቡር ከሆነ የምትወርዱት በርሚንግሃም ኢንተርናሽናል ላይ ነው፤ ከጣቢያው አዳራሾቹ ድረስ በእግር ይኬዳል። የለመደ ጫማ አድርጉ፤ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ መንገዱም ረጅም። ከሱቆቹ የምትገዙትን ለመጨረሻ አቆዩት፣ አለዚያ ቀኑን ሙሉ ስትሸከሙት ትውላላችሁ።

እንደገባችሁ ካታሎግ ግዙ። የእያንዳንዱ ውሻ ቁጥር፣ የልደት ቀን፣ አባትና እናት፣ አርቢው ሳይቀር ተጽፎበታል። ውሻውን የያዘው ሰው ልብሱ ላይ የለጠፈውን ቁጥር ከካታሎጉ ጋር ማስተያየት ብቻ ነው።

ክራፍትስ ውሾቹ ከውድድር ውጪ በየቁጥራቸው ቦታ ላይ የሚቆዩበት ትርኢት ነው። እነዚህ ቦታዎች ቤንች ይባላሉ፤ ትምህርቱ ያለው እዚያ ነው። ሸካራ ፀጉር ያለው ቴሪየር በመቀስ አይስተካከልም፤ የሞተው ፀጉር በጣት ጥቂት በጥቂት እየተያዘ ይነቀላል። በመቀስ ከተቆረጠ ፀጉሩ ይለሰልሳል፣ ቀለሙም ይደበዝዛል። ነጭ ፀጉር ላይ ለማጽጃ የተነሰነሰ ጠመኔ ካለም ሪንግ (ዳኛው ውሾቹን የሚያይበት የተከለለ ቦታ) ከመግባቱ በፊት ተቦርሾ መውጣት አለበት። ይህን ሁሉ አሳዪዎቹ፣ ውሾቹን ለውድድር ያመጡት ሰዎች፣ ደስ ብሏቸው ያስረዳሉ፣ ግን ጊዜውን ምረጡ፦ ከውድድሩ በፊት ሳይሆን በኋላ። ብዙዎቻችን ውሻን የምናውቀው ቀን ታስሮ ሌሊት የሚለቀቅ የግቢ ጠባቂ ሆኖ ነውና፣ ለመንካት ስንደፍር እጃችንን ከላይ ወደ አናቱ እንሰዳለን። መጀመሪያ ባለቤቱን ጠይቁ፣ ከዚያ እጃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ እስኪያሸትት ጠብቁ።

አሁን ወደ ሪንጉ። ዳኛው ውሾቹን እርስ በርስ ከማወዳደሩ በፊት እያንዳንዱን ከዝርያው የጽሑፍ መስፈርት ጋር ያመዛዝናል። እጆቹን ተከተሉ። ከራስ ቅሉ ይጀምራል፣ ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ ጥርሱ እንዴት እንደገጠመ ያያል፣ አንገቱን ወርዶ ወርቹን ይዳስሳል፣ ጎድኑን፣ ሽንጡን፣ ዳሌውን ይለካል፤ ወንድ ከሆነ ሁለቱም ቆለጦች መውረዳቸውን ያረጋግጣል። ፀጉሩ የበዛ ውሻ ላይ ዓይን ይታለላል፣ እጅ ግን ሥሩ ያለውን አጥንት ያገኘዋል። ትንንሾቹ ጠረጴዛ ላይ ወጥተው ይመረመራሉ።

ከዚያ ሶምሶማ ይመጣል። ውሻው ከዳኛው እየራቀ ሲሄድ የኋላ ቋንጃዎቹ ወደ ውስጥ መግባት አለመግባታቸውን፣ ሲመለስ የፊት እግሮቹ ቀጥ ማለታቸውን፣ በጎን ሲያልፍ የርምጃውን ስፋት እዩ። ጥሩ ውሻ እዚህ ላይ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በያዡ ነው። ማሰሪያውን ወደ ላይ ከወጠረው የፊት እግሮቹ ምድሩን በወጉ አይረግጡም፤ ካቻኮለው ሶምሶማው ይሰበርና ግልቢያ ይሆናል። አንዳንዱም በውሻውና በዳኛው መሀል ቆሞ ይከልለዋል። ጎበዙ ያዥ ኪሱ ውስጥ የተቀቀለ ጉበት አለ፤ ቁራጯን ሲያሳየው የውሻው ጆሮ ይቆማል፣ አንገቱ ይቀናል።

ወንዶቹና ሴቶቹ ለየብቻ ይዳኛሉ፤ ከሁለቱ አሸናፊዎች የዝርያው አንደኛ ይመረጥና ወደ ምድቡ ውድድር ያልፋል። ስለዚህ ማታ አሬና በተባለው ትልቁ የውድድር ሜዳ ውስጥ የምታዩት ውሻ በርካታ ተፎካካሪ ያለፈ ነው፤ ያን ደግሞ በቅርብ ያየ የጠዋቱ ተመልካች ብቻ ነው።

የማልደብቀው ነገር አለ፦ ውበት ተብሎ የተመረጠው ቅርጽ ውሻውን የጎዳበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ለጤና ችግር ከተጋለጡ 15 ዝርያዎች የተመረጡት አንደኞች ወደ ምድብ ከማለፋቸው በፊት በእንስሳት ሐኪም እንዲታዩ ተደረገ፤ ስድስቱ ወደቁ፣ ቡልዶግና ፔኪኒዝም ነበሩበት። ባለቤቶቹ ተቆጡ፤ እኔ ግን ውሳኔው ልክ ነበር እላለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ኬኔል ክለብና የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ፊታቸው ጠፍጣፋ ለሆኑት ለቡልዶግ፣ ለፈረንሳይ ቡልዶግና ለፓግ የአተነፋፈስ ምርመራ አቋቁመዋል። ውሻው ለሦስት ደቂቃ ሶምሶማ ይሮጣል፣ ሐኪሙ በፊትም በኋላም ትንፋሹን ያዳምጣል፣ ከ0 እስከ 3 ደረጃ ይሰጠዋል፤ 0 ጤነኛው ነው። እናንተም ቤንቹ አጠገብ ስትደርሱ ጆሯችሁን ስጡ። አርፎ የተኛ ውሻ ሲያንኮራፋ ወይም ሲያጣጥር ከተሰማ የአፍንጫውን ቀዳዳ ስፋት ተመልከቱ።

ቡችላ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ለአሳዪው የሚያቀርበው ጥያቄ ሊኖረው ይገባል። ላብራዶር ወይም ጀርመን ሼፐርድ ከሆነ የወላጆቹን የዳሌ መገጣጠሚያ ምርመራ ውጤት ጠይቁ፤ እያንዳንዱ ዳሌ ከ0 እስከ 53 ይመዘናል፣ የሁለቱ ድምር ሲያንስ ይሻላል። ቁጥሩን ሳያቅማማ የሚነግራችሁን ሰው አድራሻ ካታሎጉ ጠርዝ ላይ ጻፉ፤ ቀጠሮ ይዛችሁ እናትየውን ቤቷ ሄዳችሁ ታያላችሁ።