ሌሊት የሚወጣው የኪጎማ ዓሣ

ኪጎማ የሚመጣ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ በአቅራቢያው ያለውን የጎምቤ ብሔራዊ ፓርክ ቺምፓንዚዎች ፈልጎ ነው። እኔም የሄድኩት ለእነሱ ነበር። ልቤን የወሰደው ግን ዳጋአ የሚሉት ትንሽ ዓሣ ሆነ።

ከተማዋ በታንዛኒያ ምዕራብ ጫፍ፣ ታንጋኒካ ሐይቅ ዳር ናት። ማዶው ኮንጎ ነው። ሲመሽ ሐይቁ ላይ መብራት ይበራል። መጀመሪያ እዚህም እዚያም፣ ቆይቶ አድማሱን ሙሉ። ሁሉም የዳጋአ አጥማጆች ጀልባ ነው።

ዳጋአ ርዝመቱ ከጣት ብዙም አይበልጥም። በዚህ ስም የሚጠሩት ሁለት ዝርያዎች ናቸው፤ ሳይንሱ ስቶሎትሪሳ እና ሊምኖትሪሳ ይላቸዋል። በቆርቆሮ ታሽጎ የምናውቀው የሰርዲን ዘመዶች ናቸው። የዘር ግንዳቸው ከባሕር ነው። ዛሬ ግን ከሕንድ ውቅያኖስ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው፣ ጨው በሌለው ውሃ ይኖራሉ።

ቀኑን የሚያሳልፉት ታች፣ ብርሃን በሚደክምበት ጥልቀት ነው። ላይ ቢቆዩ ትልልቆቹ አዳኝ ዓሦች አይተው ይለቅሟቸዋል። ሲጨልም፣ የሚመገቧቸው ደቃቃ የውሃ እንስሳት ወደ ላይ ይወጣሉ። ዳጋአም ይከተላቸዋል። ሊነጋ ሲል ተመልሶ ይወርዳል። በየቀኑ እንዲሁ ነው።

ግን እንደልቡ አይወርድም። ታንጋኒካ 1,470 ሜትር ይጠልቃል፤ በአፍሪካ የሚስተካከለው ሐይቅ የለም። ኦክስጅን ያለው ግን ከውሃው ገጽ እስከ 100 ወይም 200 ሜትር ጥልቀት ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በታች ዓሣ አይኖርም። ስቶሎትሪሳ እንቁላሉን የሚጥለው መሀል ውሃ ላይ ነው። ድንጋይ ወይም ሣር ላይ አይለጥፈውም። እንቁላሉ ቀስ እያለ ይሰምጣል፤ አየር ወደሌለበት ሳይደርስ መፈልፈል አለበት። ይህን ካወቅኩ በኋላ ሐይቁን እንደ በፊቱ ማየት አልቻልኩም።

አጥማጆቹን አስፈቅጄ አብሬ ወጣሁ። ቦታቸው ሲደርሱ ሞተሩን አጠፉ፤ መብራቱን ወደ ውሃው አዘነበሉ። ድሮ ማሾ ነበር፣ አሁን ባትሪ ነው። መጀመሪያ ብርሃኑ ውስጥ ጉም የሚመስል ነገር ታየኝ፤ ደቃቃዎቹ የውሃ እንስሳት ናቸው። ቆይቶ ከሥር አንድ ነገር ብልጭ አለ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ መንጋው መጥቶ መብራቱን ይዞር ጀመር። መረቡ አስቀድሞ ከሥር ተዘርግቷል። ሰዎቹ እኩል እየተቀባበሉ ሳቡት። አንዱን ዓሣ በእጄ ያዝኩ። ሰውነቱ ብርሃን የሚያሳልፍ ይመስላል፤ ቅርፊቱ ገና ሲነካ ይረግፋል። መዳፌ እንደ ብር ብናኝ አብለጨለጨ።

ጠዋት ኪቢሪዚ የሚባለው የዓሣ ማውረጃ ሄድኩ። ሴቶች ዳጋአውን ፀሐይ ላይ ያሰጣሉ። አሸዋ ላይ የሚያሰጡ አሉ፤ ሽቦ አልጋ ላይ የሚያሰጡም አሉ። ሽቦው ላይ የደረቀው ጥርስ ውስጥ አይኮሸኮሽም፤ ዋጋውም ይሻላል። ዝናብ ከመጣ ግን የሌሊቱ ድካም ሁሉ ከንቱ ነው። ምሳዬን በሽንኩርት፣ በቲማቲምና በቀዩ የዘንባባ ዘይት የተሠራውን ኡጋሊ ከሚሉት የበቆሎ ገንፎ ጋር በላሁ። ከነጭንቅላቱ ነው የሚበላው፤ በጣም ይጣፍጣል። እኛ አገር ሐዋሳ ሄደን ቆሮሶ ጥብስ ስናዝ፣ እንዲህ ያለውን ትንሽ ዓሣ ማን ዞር ብሎ ያየዋል?

የሚያሳስበኝ ሙቀቱ ነው። የሐይቁ የላይኛው ውሃ እየሞቀ ነው። ሞቃቱ ውሃ ቀላል ስለሆነ ከታችኛው ቀዝቃዛ ጋር አይቀላቀልም፤ ከታች የሚመጣው ምግብ እዚያው ይቀራል። በዚህ ምግብ የሚያድገው አልጌ፣ ማለትም ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ደቃቅ አረንጓዴ ነገር፣ ያንሳል። አልጌው ሲያንስ ደቃቃዎቹ እንስሳት ያንሳሉ፤ እነሱ ሲያንሱ ዳጋአ ያንሳል። በዚያ ላይ አጥማጁ በዝቷል። በፈረንጆቹ 2024 ታንዛኒያ ከግንቦት አጋማሽ ጀምሮ ለሦስት ወር ማጥመድ ከልክላ ነበር። በየቀኑ ሸጦ ለሚያድር ሰው ሦስት ወር ከባድ ነው። ቢሆንም ትክክል ነው እላለሁ። ዕድሜው አንድ ዓመት ገደማ ለሆነ ዓሣ ሦስት ወር ትልቅ እፎይታ ነው።

የምትሄዱ ከሆነ ጨረቃ ሙሉ የምትሆንበትን ሳምንት አትምረጡ። ያኔ የጀልባው መብራት ዓሣውን አይስብም። አጥማጆቹም መረባቸውን እየጠገኑ ቤታቸው ይከርማሉ።