የሚያፏጨው ድስትና የእማ ሽንኩርት

ረቡዕ ማታ ነው። በረንዳው ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ሲባጎ ተወጥሮ ቋንጣ ተሰቅሎበታል። የጎረቤት ድመት ከሥር ቁጢጥ ብላ ቋንጣውን ታያለች። እማ ድመቷን ታያለች። እኔ ሁለቱን እያየሁ ይህችን እጽፋለሁ።

ፋሲካ ካለፈ ገና ሦስት ቀኑ ነው። በበዓለ ኃምሳ ረቡዕም ዓርብም ስለማይጾም ሥጋው አላረፈም፤ እኔም አላረፍኩም። ባለቤቴ ነርስ ናት። ዘንድሮ በዓሉን ተረኛ ሆና አሳለፈችው። ስለዚህ ድስቱ እኔ እጅ ላይ ወደቀ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ወንድ ልጅ ቁሌት ሲያቁላላ ከታየ ጎረቤት በመስኮት ማጮለቁ ዛሬም አልቀረም። ይይ።

እንደ አምናው ከሰፈር ሰው ጋር ቅርጫ ገባን። ስምንት ቤት፣ አንድ በሬ። ዕጣው በድሮው መንገድ ነው የሚጣለው። አንዱ ጠጠር ይሰጣል፣ አንዱ ስንጥር፣ አንዱ ቅጠል። መደቡ ሲመደብ ያላየ ልጅ ይጠራና በየመደቡ ላይ ያኖረዋል። እኔ የእስክርቢቶዬን ክዳን ሰጠሁ።

ቅርጫ ላይ እንደ ሉካንዳ «ከሽንጡ ሁለት ኪሎ» ማለት የለም። ለሁሉም ከሁሉም ይደርሳል። ከሽንጡም፣ ከዳቢቱም፣ ከወርቹም፣ ከጎድኑም፣ ከጨጓራውም። አንድ ዓይነት አሠራር ብቻ የሚያውቅ ሰው ታዲያ መደቡን ይዞ ቤቱ ሲገባ ይቸገራል። ያ ሰው አምና እኔ ነበርኩ። ሁሉንም አንድ ላይ ቆራርጬ ፍሪጅ ውስጥ ጠቀጠቅሁት። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ጥብስ። ወርቹን ሳኝክ መንጋጋዬ ተናጋ። ልጄ «አባዬ፣ ማስቲካ ነው?» አለችኝ።

ዘንድሮ እማ ከሉማሜ መጣች። ቅቤዋን በቅል፣ በርበሬዋን በፌስታል ቋጥራ። የዶሮውን ነገር ለእኔ አልተወችም። 12 ብልቱን አውጥታ ቅዳሜ ሌሊት ብቻዋን ጨረሰችው። እኔ ተኝቼ ነበር።

እሑድ ጠዋት መደቡን ይዤ ስገባ ትልቁን ትሪ አስመጣችና መለየት ጀመረች። ሽንጡን ወዲህ፣ ወርቹንና ቅልጥሙን ወዲያ፣ ስብ የሌለውን ደግሞ ለብቻ። ወርቹን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ።

«በሬው በዚህ ነው ያረሰ» አለች። ከዚያ ሽንጡን ነካ አድርጋ፣ «ይኸን ግን ተሸክሞት ነው የኖረ።»

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ሰምቼ አላውቅም። የሠራ ጡንቻ ጅማት ይበዛበታል፤ ረጅም ሰዓት በእርጥበት ካልበሰለ አይለሰልስም። ያልሠራው ቶሎ ይደርሳል፤ ብዙ ካቆየኸው ደግሞ ይደርቃል። እማ ከሽንጡ ጥቂት ቆርጣ በሚጥሚጣ ጥሬውን ቀመሰች። እኔ ኮሶ ስለምፈራ አለፍኩት። ጨጓራና ጉበቱ እዚያው ዱለት ሆኖ አለቀ።

ጥብሱን ቀትር ላይ ያዝኩት። ብረት ምጣዱ እስኪጨስ ጋለ። የተከተፈውን ሁሉ ልገለብጠው ስል እማ ክንዴን ያዘች። «እፍኝ እፍኝ እያረግህ። ካበዛኸው ያለቅሳል።» እውነቷን ነው። ሥጋ ሲከመር ውሃውን ይለቃል። ውሃ እስካለ ድረስ ደግሞ ምጣዱ ላይ ያለው ነገር ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። በሦስት ዙር ጠበስኩት። ሽንኩርት፣ ቃሪያና የጥብስ ቅጠል በመጨረሻ ገባ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ልጄ ስለ ማስቲካ ምንም አላነሳችም።

ሰኞ የቅቅል ተራ ሆነ። የባለቤቴ እህት የላከችልን ፕሬዠር ኩከር ከካርቶኑ ሳይወጣ ወራት ቆይቷል። አወጣሁት። ቅልጥሙን፣ ጎድኑንና ከወርቹ ግማሹን ከትቼ ከደንኩት። እማ ከሩቅ በሩ ሥር ተቀመጠች።

«ይኸ ነገር ቦምብ አይዶለም?»

«አይደለም እማ።»

ማፏጨት ሲጀምር በስመ አብ ብላ አማተበች።

ይህ ድስት ለእኛ ዓይነት አገር የተሠራ ይመስለኛል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው ያለችው። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃም በትንሽ ሙቀት ይፈላል። ባሕር ዳርቻ 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ውሃ እኛ ጋ 92 ገደማ ላይ ይንፈቀፈቃል። እንጨት ብትጨምርበት ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይግልም። ቅቅል ግማሽ ቀን የሚፈጅብን እናቶቻችን ስለሚያንቀራፍፉ አይደለም። በዚህ ሒሳብ አባይ በረሃ ወርዶ የሚቀቅል ሰው ቀድሞን ይበላል ማለት ነው። ሙቀቱን ከቻለው። የፕሬዠሩ ክዳን እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል፤ ውሃውም ሳይፈላ ከ100 ያልፋል። ሰዓታት የሚፈጀው ቅልጥም ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ ሥጋው ከአጥንቱ ለቀቀ። መረቁ ከንፈር ያጣብቃል። እማ ሁለት ጊዜ በጭልፋ ቀመሰችና «መረቁስ ደህና ነው» አለች። ከእሷ አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጉራ የያዘኝ እዚህ ላይ ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት እማ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ቀይ ወጥ ልሠራ ተነሳሁ። ሽንኩርቱን ከተፍኩ፣ በርበሬውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዘይቱን፣ የቀረውን ወርች፣ ውሃውን፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ፕሬዠሩ ውስጥ ከተትኩና ከደንኩ። አርባ ደቂቃ። ተመልሳ ስትገባ ወጥ ደርሶ ሊጠብቃት ነው።

ክዳኑን ስከፍት መጀመሪያ የሸተተኝ ጥሬ በርበሬ ነው። ሽንኩርቱ ነጣ ብሎ ይዋኛል። ዘይቱ ብቻውን ከላይ፣ ውሃው ብቻውን ከታች። እማ ነጠላዋን ሳታወርድ መጥታ አየችው። ዝም አለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በመጨረሻ «ሥጋው በስሏል» አለች። ስለ ወጡ ምንም።

ከዚያ ሥጋውን እየጨለፈች በሳህን አወጣችና ሌላ ሽንኩርት አምጣ አለችኝ። ሁለት ኪሎ ከተፍኩ። ዓይኔ ጠፋ። እሷ ባዶ ድስት ጣደች። ዘይት የለ፣ ቅቤ የለ። ሽንኩርቱን ጨመረችና ማማሰያውን ያዘች። መጀመሪያ ይንጫጫል፤ ውሃው እየወጣ ነው። ቆይቶ ድምፁ ይቀንሳል። ከዚያ ድስቱን መያዝ ሲጀምር ጠብ ታደርግለታለች፣ ታማስላለች፣ እንደገና ጠብ። ሽንኩርቱ የሚቀላው ውሃውን በእንፋሎት ሰጥቶ ሲጨርስ ነው። እኔ ደግሞ መውጫውን ቆልፌበት ነበር። በዚያ ድስት ውስጥ ሁለት ሰዓት ባቆየውም አይቀላም ነበር።

መሃል ላይ መብራት ጠፋ። እኔ ተበሳጨሁ፤ እማ ልቧ ውስጥ ደስ ያላት መሰለኝ። ከሰል አቀጣጠልን። ከሰሉ የአዊ ነው፤ ፋግታ ለኮማ አካባቢ ገበሬው እየተከለ ከሚያከስለው የዲከረንስ ዛፍ። ጭስ የለውም፣ ረግቶ ይነዳል። በባትሪ ብርሃን ሽንኩርቱ ማር መልክ ሲይዝ ቅቤዋን ለቀቀችበት፤ ቀጥሎ በርበሬውን። የበርበሬ መልክና ሽታ የሚወጣው በቅባት ውስጥ ነው፤ ውሃ ላይ ከበተንከው እንደኔ ጉድ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ጓዳው በአንዴ ሽታው ተለወጠ። እኔ ማማሰያውን ተቀበልኩ። እጄ ሲዝል ተቀበለችኝ። ስንቀባበል ከአንድ ሰዓት በላይ ሄደ። ብዙ አላወራንም። አንዴ ብቻ «አባትህ ሽንኩርት ይከትፍልኝ ነበር፤ ለሰው አትናገር ብሎ» አለች። ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ከሳህኑ ያንን የበሰለ ሥጋ ቁሌቱ ውስጥ መለስንበት፤ ከሰኞ የተረፈውንም መረቅ። መከለሻው በመጨረሻ። ስንበላ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ባለቤቴ ከሥራ ደክሟት ገብታ የድስቱን ቂጥ በእንጀራ ጠረገችው። ሥጋው የእኔ፣ ወጡ የእማ።

ዛሬ የቋንጣው ቀን ነበር። እማ አንድ ጭብጥ ሥጋ ይዛ በቢላ እያዞረች ክንድ የሚያህል ዝልዝል ታወጣለች። የእኔ መሃል ላይ ይበጠሳል። «የአንተን ድመቷ ትብላው» አለች። ጨውና በርበሬ አሽተን ሰቀልነው። ሥጋው ከቀጠነ ነፋሱ ከመበላሸቱ በፊት ያደርቀዋል። ሐምሌ ቢሆን ምድጃ ላይ ጭስ ካልጠጣ ይሸት ነበር። አሁንም ደመና ካየህ አስገባው ብላኛለች። አራቴ።

ነገ ትሄዳለች። ቅድም ድመቷን በዓይኗ እየጠበቀች፣ ወደ እኔ ሳትዞር ጠየቀችኝ።

«ያ የሚያፏጨው፣ ከሰል ላይ ይሆናል?»

«ይሆናል እማ።»

«ባቄላስ?»

«ባቄላማ ወዲያው ነው።»

ሌላ አልተናገረችም። አሁን ውኃ ልጠጣ ስገባ ባለቤቴ ፕሬዠሩን በጋዜጣ ጠቅልላ ከባዶው ቅል አጠገብ አስቀምጣዋለች።