እንቁላል ውስጥ ያለ ልብ ለነርቭ መታዘዝ የሚጀምረው መቼ ነው? ሐዋሳ ላይ የለካሁበት መንገድ

የዶሮ ሽል ልብ መምታት የሚጀምረው እንቁላሉ ማስፈልፈያ ማሽን ውስጥ በገባ በሁለተኛው ቀን ነው። በዚያ ሰዓት ልቡ ጋ የደረሰ ነርቭ የለም፤ ጡንቻው በራሱ ይመታል። ታዲያ አንጎል በቬገስ ነርቭ በኩል ልጓሙን የሚይዘው መቼ ነው? ጥያቄው ሲነሳ በተሳቢ እንስሳት ሽል ላይ ነበር። ነገር ግን የአዞም ሆነ የአርጃኖ እንቁላል ከዱር ለመሰብሰብ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ዘዴውን መጀመሪያ በዶሮ እንቁላል አበጀሁት። በዝምድናም ቢሆን ዶሮ ሩቅ አይደለችም፤ ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት ለአዞ ከእንሽላሊትና ከእባብ ይልቅ የሚቀርቡት ወፎች ናቸው።

ከመሣሪያው በፊት ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል፤ በዚህ ሥራ አብዛኛው የተሳሳተ ድምዳሜ የሚመጣው እነሱን ከማደባለቅ ነው። አንደኛው በልብ ጡንቻ ላይ ያለው ተቀባይ ነው። ነርቭ መልእክቱን የሚያደርስበት ኬሚካል፣ አሴቲልኮሊን፣ ቢንጠባጠብበት ነርቭ ገና ያልደረሰው ልብም ቀስ ይላል፤ ይህ ተቀባዩ መኖሩን እንጂ ነርቩ መሥራቱን አያሳይም። ሁለተኛው የነርቩ መድረስ ነው፦ ቬገስን በኤሌክትሪክ ሲነኩት ልቡ ይዘገያል። በዶሮ ይህ ከ5ኛው እስከ 6ኛው ቀን ገደማ ይጀምራል። ሦስተኛው ነርቩ ማንም ሳይነካው ልቡን በቋሚነት ይዞ መቆየቱ ነው። እኔ የለካሁት ይህን ሦስተኛውን ነው። የሚለካውም ልጓሙን በመቁረጥ ነው፦ ቬገስ ልቡን የሚያዘገየው በአሴቲልኮሊን ነው፣ አትሮፒን የተባለው መድኃኒት ደግሞ ተቀባዩን ይዘጋል። ነርቩ ልቡን ይዞት ከነበረ ምቱ ይጨምራል፤ ካልነበረ ምንም አይሆንም። የምቱ ቁጥር ብቻውን ስለ ነርቭ ምንም አይናገርም።

ወደ እንቁላሉ ስንመጣ፣ ከሱቅ የሚገዛው የፈረንጅ እንቁላል አያገለግልም፤ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ያለ አውራ ስለሚያድሩ ሽል የለበትም። አውራ ካለበት ግቢ የተሰበሰበ የሐበሻ እንቁላል ወይም ከመራቢያ እርባታ የተገዛ ያስፈልጋል። ከተጣለ ሳምንት ያለፈው ወይም ገበያ ላይ ፀሐይ የመታው ቢፈለፈልም እድገቱ ይዘገያል፤ ያኔ «12ኛ ቀን» የሚለው ቁጥር ትርጉም ያጣል። ሌላም ነገር አለ፦ የሐበሻ እንቁላል ከፈረንጁ በብዙ ግራም ስለሚያንስ ሽሉም ያንሳል። መጽሐፍ ላይ ያለውን የሽል ክብደት ገልብጦ መድኃኒት መመጠን አይሆንም። ከያንዳንዱ ዕድሜ ሁለት ሦስት እንቁላል ከፍቶ ሽሉን መመዘን ይሻላል።

ማሽኑን 37.5 ዲግሪ ላይ አቆምኩ። ቴርሞሜትር በፈላ ውኃ ለማመሳከር የሚሞክር ሰው ሐዋሳ ላይ ይሳሳታል፦ ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውኃው የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደግሞም የሚያስፈልገን ትክክለኛነት 37 አካባቢ ስለሆነ፣ ከአንድ ጥሩ የሕክምና ቴርሞሜትር ጋር አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አስገብቶ ማነጻጸር ይበቃል።

ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው። የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው 82 በመቶ ያህል ነው፤ እንቁላሉ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል 17 በመቶ ኦክስጅን ያለው አየር ከመተንፈስ ጋር ይመሳሰላል። በስስ አየር ውስጥ የውኃ ትነትም በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ቶሎ ያልፋል፤ እንደ ሒሳቡ በአንድ አምስተኛ ያህል ይፈጥናል። ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፈውን የእርጥበት መጠን ከተከተላችሁ እንቁላሉ ይደርቃል። እኔ የምመራው በእርጥበት መለኪያ (ሃይግሮሜትር) ሳይሆን በሚዛን ነው፦ እንቁላሉ እስከ 18ኛው ቀን ከመጀመሪያ ክብደቱ ከ12 እስከ 13 በመቶ ገደማ ቢያጣ ደህና ነው። በየሦስት ቀኑ ይመዘናል፤ ከዚህ ከፈጠነ ሰፋ ያለ የውኃ ሳህን ይገባል። ውጤቱን በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ባሉ ከተሞች ከተሠሩ ጥናቶች ጋር ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ሰውም ይህን የኦክስጅን ልዩነት መጥቀስ አለበት። በአሊጌተር (የአዞ ዘመድ) ሽሎች ላይ ኦክስጅኑ እስከ 10 በመቶ ሲቀነስ አካላቸው አንሶ ልባቸው ከአካላቸው አንጻር ገዝፎ ተገኝቷል። የእኛ ልዩነት ከዚያ በጣም ያነሰ ቢሆንም የለም ማለት አይቻልም።

ወደ ልኬቱ ስንመጣ፣ የዶሮ ሽል ልብ በደቂቃ 250 ጊዜ ገደማ ይመታል፤ በሰከንድ ከአራት በላይ ማለት ነው። በዓይን አይቆጠርም። እስከ 5ኛው ወይም 6ኛው ቀን ድረስ እንቁላሉን በባትሪ አብርቶ የምትመታውን ቀይ ነጥብ በስልክ መቅረጽ ይቻላል። 30 ፍሬም በሰከንድ ቢሆንም ይበቃል፤ 50 ምት ቆጥሮ የወሰደውን ጊዜ ማካፈል ነው። መብራቱ በድንጋይ ባትሪ የሚሠራ ይሁን፤ በሶኬት የሚሠራው ስለሚርገበገብ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመሮች ይሮጣሉ።

ከዚያ በኋላ ሽሉ ይጨልማል፣ ኢንፍራሬድ፣ ማለትም ለዓይን የማይታይ ብርሃን፣ ያስፈልጋል። አንድ ኢንፍራሬድ ኤልኢዲ ከሥር፣ ብርሃኑን የሚቀበል አንድ ፎቶዳዮድ ከጎን፣ ሁለት ደረጃ ማጉያ ኤልኤም358 በተባለው ቺፕ፣ ከዚያ አርዱኢኖ የተባለው ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ ምልክቱን በሰከንድ 200 ጊዜ እያነበበ። ከኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ቤት የማይገኝ ክፍል የለበትም። ወሳኙ በሁለቱ ማጉያዎች መካከል የሚገባው ካፓሲተር ነው፦ በእንቁላሉ የሚያልፈው ብርሃን ብዙ ነው፣ በምት የሚለዋወጠው ግን ከዚያ እጅግ ትንሹ ክፍል ብቻ ነው። ካፓሲተሩ ከሌለ ማጉያው በማይለዋወጠው ብርሃን ሞልቶ ይቆማል። ለወፍና ለተሳቢ እንቁላል ተብሎ የተሠራው በዲ የተባለው መሣሪያም የሚሠራው በዚሁ መርህ ነው።

የሚያሳስቱት ሦስት ናቸው። ማሽኑ ውስጥ ያለው ማራገቢያ ንዝረቱ እንቁላሉን ስለሚነቀንቅ፣ ጥርት ያለና ፍጹም እኩል «ምት» ይሰጣል። ስለዚህ ሽል የሌለው እንቁላል ሁልጊዜ ከሌሎቹ ጋር ይለካ፤ እሱም ልብ ካለው ልቡ የማራገቢያው ነው። ሁለተኛው፣ አንዳንዴ አንድ ምት ሁለት ጉብታ ይሠራል፤ ፕሮግራሙ ሁለቱንም ቆጥሮ 500 ይላል። ከቁጥሩ በፊት የሞገዱን ቅርጽ ማየት ነው። ሦስተኛው ብርሃኑ ራሱ ያሞቃል፤ በተለይ ትንንሽ እንቁላል ላይ በርቶ ከቆየ የሚለካውን ምት ራሱ ያፈጥናል። 20 ሰከንድ አብርቶ ማጥፋት ይበቃል። የሽሉ እንቅስቃሴም ምልክቱን ያጠፋዋል፤ ከ10ኛው እስከ 16ኛው ቀን ብዙ ይወራጫል፤ እስኪረጋ መጠበቅ እንጂ ማጣሪያ አያድነውም።

ከሁሉም በላይ ግን ሙቀት ነው። አሥር ዲግሪ ሲቀንስ ምቱ በግማሽ የሚወርድ ልብ፣ በአንድ ዲግሪ 7 በመቶ ያህል ይወርዳል። ከ270 ላይ 18 ገደማ ምት ማለት ነው። በአትሮፒን የሚታየው ለውጥም ከዚህ ብዙም የሚርቅ አይደለም። 25 ዲግሪ ባለው ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ 55 ግራም እንቁላል ደግሞ በአራት ደቂቃ ያህል አንድ ዲግሪ ይቀዘቅዛል። እንቁላሉን አውጥቶ፣ ወግቶ፣ መልሶ «ምቱ ወረደ» የሚል ሰው የለካው የእንቁላሉን መቀዝቀዝ ነው። መዳሰሻው ማሽኑ ውስጥ ይቀመጥ፣ እጅ በጨርቅ መጋረጃ ይግባ፣ መድኃኒቱና ሳላይኑም (የሕክምና ጨው ውኃው) እዚያው ይሙቁ። መብራት ሲጠፋ የሙቅ ውኃ ጠርሙሶች ማሽኑ ውስጥ መደርደር ይረዳል፤ የዚያን ቀን ልኬት ግን ሙቀቱ ተመልሶ ሁለት ሰዓት ያህል እስኪረጋ መተው ይሻላል።

አትሮፒኑን የምመጥነው በሽሉ ክብደት ነው፤ 1 ሚሊግራም ለአንድ ኪሎ። የተለመደው አምፑል በአንድ ሚሊሊትር 1 ሚሊግራም አለው፤ የእንስሳት መድኃኒት ቤቱ ጠርሙስ ግን ሌላ ሊሆን ስለሚችል ጽሑፉ ይነበብ። አንድ እጅ አትሮፒን በአራት እጅ ሳላይን ሲቀጥን በአንድ ሚሊሊትር 0.2 ሚሊግራም ይሆናል። 22 ግራም ለሚመዝን ሽል 0.11 ሚሊሊትር፣ ባለ 100 መስመር የኢንሱሊን ሲሪንጅ ላይ 11 መስመር ነው። 5 ግራም ለሚሆነው ደግሞ ያንኑ እንደገና እኩል በእኩል አቅጥኖ 5 መስመር። ትንሽ መጠን ከወፍራሙ ፈሳሽ መስጠት አያዋጣም፤ በአንድ መስመር መሳሳት ያኔ ብዙ ነው።

ቀዳዳው የሚከፈተው በሰፊው ጫፍ፣ በአየር ኪሱ ላይ ነው። መጀመሪያ አብርቶ የኪሱን ጠርዝ በእርሳስ ማስመር፤ ከዚያ ቅርፊቱን በአልኮል ጠርጎ በወፍራም መርፌ ጫፍ እያሽከረከሩ መብሳት። መጫን የለም። መርፌው ወደ ታች አይገባም፤ መድኃኒቱ ውስጠኛው ሽፋን ላይ ይንጠባጠባል፣ ከሥሩ ያሉት የደም ሥሮች ይወስዱታል። ሽፋኑ ከተበሳና ደም ከታየ ያ እንቁላል ከሙከራው ይወጣል፤ ደም መፍሰስ ራሱ ምቱን ይለውጣል። ቀዳዳው በፕላስተር ይታሸጋል። አትሮፒን የነካ እጅ ዓይን ከነካ ብሌኑ ሰፍቶ ለሰዓታት ያደናግራል፤ ጓንት ይደረግ። እንቁላሎቹ በኋላ ለምግብ አይሆኑም።

በየእንቁላሉ መጀመሪያ የ10 ደቂቃ መነሻ፣ ከዚያ ለግማሾቹ ሳላይን ለግማሾቹ አትሮፒን በእኩል መጠን፣ ከዚያ በ15ኛውና በ20ኛው ደቂቃ ልኬት። የሚነጻጸረው እያንዳንዱ እንቁላል ከራሱ መነሻ ጋር ነው። ቆጣሪው የትኛው ምን እንዳገኘ ባያውቅ ይመረጣል። የሳላይን ቡድን ቅንጦት አይደለም፤ መብሳቱ ብቻውን ምት ያስለውጣል።

በ10ኛው ቀን አትሮፒን ካገኙትና ሳላይን ካገኙት መካከል ልዩነት አልታየም። በ15ኛው መለየት ይጀምራል፣ በ18ኛው ግልጽ ነው። ይህ ከታወቀው ጋር ይስማማል፤ በዶሮ የቬገስ ቋሚ ልጓም ከ12ኛው ቀን ገደማ ጀምሮ ቀስ በቀስ ይወጣል። ያለ መድኃኒትም የሚታይ ምልክት አለ፦ ከምት ወደ ምት ያለውን ርቀት ከመዘገባችሁ፣ በዚያው ዕድሜ ልቡ ለቅጽበት ዘግየት እያለ የሚመለስባቸው ቦታዎች ይታያሉ፤ አትሮፒን ያጠፋቸዋል። አማካይ ምት ብቻ የሚመዘግብ እነዚህን አያያቸውም።

ኦክስጅን ቀንሶ ምቱ ሲወርድ አይቶ «ቬገስ ሠራ» ማለት ግን አይቻልም። በዶሮ ሽል የኦክስጅን እጥረት ልቡን የሚያዘገየው በአብዛኛው ጡንቻውን በቀጥታ በመጉዳት ነው፤ አትሮፒን የማይመልሰው መዘግየት የነርቭ አይደለም። ልቡን የሚያፈጥነውን የአድሬናሊን ወገን ደግሞ ፕሮፕራኖሎል በተባለው መድኃኒት መዝጋት ይቻላል፤ ክኒን ፈጭቶ መበጥበጥ ግን አይሠራም፤ ማሟያ ዱቄቱ አይሟሟም፣ ስንት መድኃኒት እንደሟሟም አይታወቅም። የሚወጋው ዓይነት ካልተገኘ ያን ክፍል መተው ነው።

ፈቃድ ያለው ሰው ይህን ወደ ኤሊ ወይም ወደ አዞ እንቁላል ሲወስድ የሚለወጡ ነገሮች አሉ። የዶሮ እንቁላል በየቀኑ ይገላበጣል፤ የተሳቢው ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በኋላ ከተገለበጠ ሽሉ ሊሞት ይችላል፣ ከቅርፊቱ ጋር ስለሚጣበቅ። ከላይ ያለው ጎን ገና ከጎጆው ሳይነሳ በእርሳስ ምልክት ይደረግበት። እንደ ዶሮው ያለ ሰፊ የአየር ኪስ ስለማይኖር መድኃኒቱ በደም ሥር መግባት ይኖርበታል፤ ቅርፊቱ ለስላሳ የሆነው ደግሞ ሲበሳ ፈሳሹን ወደ ውጭ ይገፋል። ዕድሜ በቀን ሳይሆን ከጠቅላላው የመታቀፊያ ጊዜ በመቶኛ ይጻፍ፤ በ28 እና በ32 ዲግሪ የታቀፈ እንቁላል 40ኛ ቀኑ አንድ አይደለም፣ በአዞና በብዙ ኤሊዎች ደግሞ ሙቀቱ ጾታንም ይወስናል። ምቱ ዝግ ያለ ስለሆነ ቆጠራው ይቀላል፤ መድኃኒቱ ግን ቀስ ብሎ ስለሚዞር 20 ደቂቃ ላይበቃ ይችላል። የምቱ መስመር ተስተካክሎ እስኪቆም መጠበቅ ነው። ከዶሮ የተገኘውን ጊዜም ገልብጦ መጠበቅ አይገባም፤ በአሊጌተር ሽል ልቡን በቋሚነት የሚያፈጥነው የአድሬናሊን ወገን በግልጽ ሲታይ የቬገስ ልጓም አልታየም። ስለዚህ በአዞ እንቁላል አትሮፒን ምንም ባያደርግ፣ መጀመሪያ መጠኑን መርምሩ፤ ትክክል ከሆነ «ለውጥ የለም» ራሱ ውጤት ነው።