ድንጋዩን ተከትሎ፦ የፌስቲንዮግ ባቡር በካሜራ

የእንፋሎት ባቡር ፎቶ ሲባል የሁሉም ሰው ሐሳብ አንድ ነው። ጥቁር ሞተር፣ ነጭ እንፋሎት፣ አረንጓዴ መስክ። በሰሜን ዌልስ ያለውን የፌስቲንዮግ ባቡርም እንዲህ አድርጎ ማንሳት ይቻላል፤ ያምራልም። ለእኔ ግን ነገሩ ግማሽ ሆኖ ይቀራል። ይህን ባቡር የወለደው ድንጋይ ነው፤ ስሌት የሚባለው የጣሪያ ድንጋይ። ስለዚህ ካሜራዬን ይዤ ስነሳ ያሰብኩት ድንጋዩን ልከተለው ብዬ ነበር፤ መርከብ ላይ ይጫን ከነበረበት ወደብ ጀምሬ እስከሚወጣበት ተራራ ድረስ።

ከበርሚንግሃም የሚነሳው መደበኛ ባቡር ግማሽ ቀን ያህል ይፈጃል፤ ግን አይሰለችም። ጉዞው ከተጋመሰ በኋላ ባሕሩን ታክኮ ነው የሚሄደው። የባርመዝን ረጅም የእንጨት ድልድይ ይሻገራል፣ በሃርሌክ ግንብ ሥር ያልፋል፣ ከዚያ ፖርትማዶግ ያደርሳል።

ፖርትማዶግ ትንሽ የወደብ ከተማ ናት። የጠባቡ ባቡር ጣቢያ ውሃው ዳር ነው ያለው። መጀመሪያ ዓይን የሚገባው የሐዲዱ ጥበት ነው። በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት 60 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የነበረው የድሮው ሐዲድ 1 ሜትር ነበር፤ እሱም በዓለም መለኪያ ጠባብ ከሚባሉት ነው። ይሄኛው ከእሱም ብዙ ያንሳል። ምክንያቱ ተራራው ነው። ሐዲዱ ጠባብ ሲሆን በገደሉ ወገብ ላይ እየተጠማዘዘ መሄድ ይችላል። ቁፋሮውም ወጪውም ይቀንሳል።

ከጣቢያው እንደወጣ ባቡሩ የሚያልፈው ኮብ በሚባል ግድብ ላይ ነው። ዊልያም ማዶክስ የሚባል ሰው ባሕሩን ገትሮ መሬት ለማውጣት ያሠራው ሲሆን፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1811 ተጠናቀቀ። ርዝመቱ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ይጠጋል። ብርሃን ለሚፈልግ ሰው እዚህ ከሰዓት በኋላ መምጣት ይሻላል። ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ ስታዘነብል ባቡሩንም ከኋላው የተደረደሩትንም ተራሮች አንድ ላይ ታበራቸዋለች። ሹል ሆኖ የሚታየው ክኒኽት ነው፤ አጠገቡ ሞይልዊኖቹ አሉ። ሰማዩ ሲከፈት 1,085 ሜትር ከፍታ ያለው የዌልስ ትልቁ ተራራ ስኖዶንም ብቅ ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ደመና ይሸፍነዋል። እኔ ደመናውን ወድጄዋለሁ። ተራራው በከፊል ሲደበቅ ትንሿ ባቡር የበለጠ ትጎላለች።

አሁን ስለ ሞተሯ ላውራ። እዚህ ከሚሠሩት ሎኮሞቲቮች ውስጥ እኔን ያፈዘዘኝ ደብል ፌርሊ የሚባለው ዓይነት ነው። ሁለት ፊት አለው። የጭስ ማውጫው ሁለት ነው፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። እሳቱ የሚነደው መሐል ላይ ነው። ነጂው በአንድ በኩል፣ ከሰል የሚጨምረው ሰው በሌላ በኩል፣ ውሃው የሚፈላበትን ቦይለር መሐል አድርገው ይቆማሉ። መንኮራኩሮቹ በሁለት ተከፍለው ለየብቻ ስለሚዞሩ ያ ሁሉ ብረት በጠባብ ኩርባ መታጠፍ ይችላል። የመጀመሪያው በ1869 እዚህ መሥራት ሲጀምር ከብዙ አገር መሐንዲሶች ሊያዩት መጥተው ነበር። ሜርዲን ኤምሪስ የተባለው በ1879 የተሠራው ከኮብ ማዶ ባለው ቦስተን ሎጅ በተባለው የባቡሩ የራሱ ጋራዥ ነው። ዛሬም ይሠራል።

ሜርዲን ኤምሪስን በቅርብ ሳነሳ ፊቱን ትቼ እጅ ላይ አተኮርኩ። አንድ ሸምገል ያሉ በጎ ፈቃደኛ በዘይት ጣሳ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ያጠጣሉ። ጥፍራቸው ጠቁሯል። የጣሳው አፍ ረጅምና ቀጭን ነው፤ ጠብታው ስትወርድ በጨርቅ ይቀበሏታል። ጋሼ ብዬ ልጠራቸው ምንም አልቀረኝም። ካሜራዬን አይተው፣ «ሲወርድ ለማንሳት አትድከም፣ ሲወጣ ጠብቀው» አሉኝ።

ይህ ምክር የጉዞዬን መልክ ወሰነው። ባቡሩ ሲወርድ ሞተሩ ብዙም አይለፋም፣ እንፋሎቱም ጥቂት ነው። ሲወጣ ግን ትንፋሹ ከሩቅ ይሰማል፤ በቀዝቃዛ ጠዋት እንፋሎቱ ጥቅጥቅ ብሎ ዛፉ ላይ ይቀራል። ፍጥነቱ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር ስለማይበልጥም መቸኮል የለም። ሹተሩን፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ፣ ወደ 1/30 ሰከንድ አዘግይቶ ካሜራውን ከባቡሩ ጋር አብሮ ማዞር ነው። ጫካው ይፈስሳል፣ የተሳፋሪው ፊት ይቆማል።

ቁልቁለቱ ራሱ ታሪክ አለው። መስመሩ በ1836 ሲከፈት ሎኮሞቲቭ የሚባል ነገር አልነበረውም። 21 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል የሚሆነው መንገድ ከላይ እስከ ታች ወጥ በሆነ ቁልቁለት ነው የተቀየሰው። ድንጋይ የጫኑት ፉርጎዎች በራሳቸው ክብደት እየተንደረደሩ ወደብ ይደርሳሉ፤ ፍሬን የሚይዙ ሰዎች ላያቸው ላይ ተቀምጠው ይወርዳሉ። ባዶውን ወደ ላይ የሚጎትቱት ፈረሶች ነበሩ። ፈረሶቹ ሲመለሱ ደግሞ በራሳቸው ፉርጎ ተሳፍረው፣ ድርቆሻቸውን እየበሉ ይወርዱ ነበር። እንፋሎት የመጣው በ1863 ነው። ተሳፋሪ በይፋ መጫን የተጀመረው በ1865።

ይህን ካወቅኩ በኋላ ሐዲዱን ብቻውን ማንሳት ጀመርኩ። ታን ኧ ቡልኽ ከሚባለው ጣቢያ በታች ኬይ ማውር የሚባል ካብ አለ። 19 ሜትር ያህል ይቆማል። ሲሚንቶ የለውም፣ ኖራ የለውም፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ነው። ዙሪያው እርጥብ የኦክ ጫካ ነው። ግንዱም ቅርንጫፉም ሽበት ለብሷል። ባቡሩ ከላይ ሲያልፍ ከካሜራው ውስጥ የሚገባው ትንሽ ቀይ ቀለም ነው፤ የቀረው ሁሉ ካብ ነው። ካነሳኋቸው ሁሉ የምወደው ይህን ነው።

ከዚያ በላይ ዲያልት የሚባል ጣቢያ አለ። የመኪና መንገድ አይደርስበትም፤ ወይ በእግር ወይ በባቡር ነው። ሐዲዱ እዚህ ክብ ሠርቶ በራሱ ላይ ተሻግሮ ወደ 10 ሜትር ከፍ ይላል። ምክንያቱ አሳዛኝ ነው። ባቡሩ በ1946 ሥራ አቆመ። አፍቃሪዎቹ በ1955 ከኮብ ጀምረው እንደገና ሲያስነሱት፣ ላይኛው ክፍል ለኤሌክትሪክ ማመንጫ በተሠራ ሐይቅ ሊዋጥ ነበር። ተዋጠም። በጎ ፈቃደኞቹ ግን ከ1965 ጀምረው ከሐይቁ ከፍ ብሎ የሚያልፍ አዲስ መስመር ቆፈሩ፣ አዲስ ዋሻም ተበሳ። የመስመሩ ላይኛ ጫፍ የሆነችው ከተማ፣ ብላይናይ ፌስቲንዮግ፣ የደረሱት በ1982 ነው። ብዙዎቹ በሥራ ቀን ቢሮ ውለው፣ ቅዳሜና እሑድ አካፋ የጨበጡ ሰዎች ናቸው። ጣቢያው አጠገብ ካለችው ጉብታ ላይ ቆሜ ክቡን ሳየው፣ ይህ የማን ልፋት እንደሆነ ፎቶው እንዲናገር ፈለግሁ። ሰፊ ሌንስ ገጠምኩና ባቡሩን በጣም ትንሽ አደረግኳት።

ብላይናይ ሲደረስ አረንጓዴው ያበቃል። ከተማዋን የከበባት የስሌት ድንጋይ ክምር ነው፣ ተራራ የሚያህል። ስሌት እንደ መጽሐፍ ገጽ በቀጫጭኑ የሚሰነጠቅ ድንጋይ ነው፤ ለጣሪያ ይሆናል። የጀርመኗ ሃምቡርግ በ1842 ስትቃጠል መልሶ ለመሥራት ከዚህ የሄደ ድንጋይ ብዙ ነው። ከተራራው ከሚወጣው ግን ጣሪያ የሚሆነው ጥቂቱ ብቻ ነው፤ የቀረው እዚያው ይደፋል። የስኖዶኒያ ብሔራዊ ፓርክ በ1951 ሲከለል ብላይናይን ዙሪያዋን ከብበው እሷን ከመሐል ተዋት፤ ክምሩ ለፓርክ የሚሆን አልመሰላቸውም። በ2021 ግን ዩኔስኮ የሰሜን ምዕራብ ዌልስን የስሌት መልክዓ ምድር የዓለም ቅርስ አድርጎ መዘገበ። ባቡሩም ብላይናይም በውስጡ አሉ። ደስ ብሎኛል። ብዙ ፎቶ አንሺ ክምሩን ከፍሬሙ ሲያስወጣ አይቻለሁ፤ እኔ አልስማማም። የሰው ልጅ በመዶሻ ያወጣው ነው።

ደግሞም ዝናብ ሲመታው የሚሆነውን ማየት ነው። ደረቁ ግራጫ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ያበራል። ካሜራው ጥቁር ሲበዛበት ብርሃን ስለሚጨምር ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም የሚገባውን ብርሃን መጠን፣ በትንሹ መቀነስ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ እንፋሎቱ ነጭ ሆኖ ይነድዳል፣ ድንጋዩም ይገረጣል።

መሄድ ለምትፈልጉ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባቡሩ በጣም ስለሚቀንስ የጊዜ ሰሌዳውን ቀድማችሁ እዩ። ከፖርትማዶግ ወደ ላይ ስትሄዱ በቀኝ በኩል ተቀመጡ፤ ሸለቆው በዚያ ነው። የዝናብ ልብስ ለራሳችሁም ለካሜራውም ያዙ። ብላይናይ ስትደርሱም በቀጣዩ ባቡር አትመለሱ፤ ክምሩ ሥር ሥሩን በእግር ሂዱ።