ፊኛውን ሳይሆን ማረፊያውን ፍሩ

የአክስቴ ልጅ ቱርክ ሊሄድ ነው። ቀጰዶቅያ (አዎ፣ ሐዋርያት ሥራ ላይ የምናነባት) ደርሶ በሙቅ አየር ፊኛ ሳይሳፈር እንደማይመለስ ምሎ ተገዝቷል። አክስቴ ደግሞ «ነፋስ ይዞት ቢሄድስ?» እያለች እንቅልፍ አጥታለች። «ጢስ ዓባይን እንኳ በወጉ ሳያይ ምን ሰማይ ያስወጣዋል» ትላለች። ዳኛው እኔ ሆኛለሁ።

መፍራቷስ ልክ ነው። ግን ነፋስ ፊኛን ይዞ መሄዱ አደጋ አይደለም፣ የሚሄደው በሱ ነው። ፊኛ መሪ የለውም። አብራሪው ጋዙን ለቆ እሳቱን ሲያነደው ይወጣል፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ ወይም ሲያስተነፍሰው ይወርዳል፤ ነፋሱ በየከፍታው አቅጣጫው ስለሚለያይ ከፍ ዝቅ እያለ የሚመቸውን ይፈልጋል። አብሮ ስለሚነጉድ ደግሞ ቅርጫቱ ውስጥ ያለ ሰው ነፋስ መኖሩንም ብዙ አያውቀውም።

ጣጣው መሬት ሲቀርብ ነው። ነፋሱ በሰዓት 40 ኪሎሜትር ከሆነ አንተም መሬት የምትደርሰው በዚያው ፍጥነት ነው። ፍሬን የሚባል ነገር የለም። አብራሪው አናቱ ላይ ያለውን መተንፈሻ በገመድ ስቦ ሙቁን አየር እስኪያስወጣ ድረስ ያ ሁሉ ጨርቅ ነፋስ እየሞላው ቅርጫቱን በእርሻው፣ በአጥሩ፣ በድንጋዩ ላይ ይጎትተዋል። ፊት ለፊት የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለማ አለቀ። ጉልበት አጠፍ አድርጉ፣ ጀርባችሁን ወደምንሄድበት ስጡ፣ መያዣውን ጨብጡ የሚሉት ለዚህ ነው። ሳይፈቀድ መዝለልም ክልክል ነው፤ አንዱ ሲወርድ ፊኛው ይቀለውና ሌሎቹን ይዞ ሊነሳ ይችላል።

ድንገተኛውን ነፋስ ባህር ዳር ያደገ ሰው ያውቀዋል። ግንቦት ላይ ከሰዓት በኋላ ከጣና ማዶ ሰማዩ ይጠቁራል፣ እኛ ጋ ግን ፀሐይ ነው። ድንገት አቧራው ይነሳል፣ የሻይ ቤቱ ፕላስቲክ ወንበር ይገለበጣል፣ ሴቶቹ ሸራቸውን ለመያዝ ይሯሯጣሉ። ዝናቡ የሚመጣው ቆይቶ ነው፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይመጣም። ነጎድጓድ ያዘለ ደመና ቀዝቃዛ አየር ወደታች ይለቃል፤ ያ አየር መሬት ሲመታ ወደ ጎን ይበተናል፣ ደመናውን በብዙ ኪሎሜትር ቀድሞ ይደርሳል። አብራሪውን የሚያታልለው ይሄ ነው፣ በላዩ ያለው ሰማይ ጥርት ያለ ሊሆን ይችላላ።

በፈረንጆቹ ኦገስት 2012 ስሎቬንያ ውስጥ፣ ሉብሊያና አጠገብ፣ 32 ሰው የጫነ ፊኛ የነፋስ ማዕበል ደርሶበት ሊያርፍ ሲል ተከሰከሰና በእሳት ተያያዘ። 6 ሰው ሞተ። በ2013 ግብጽ፣ ሉክሶር ላይ 19 ሰው የሞተበት፣ ሁሉም የሚያነሳው አደጋ ግን መነሻው እሳት እንጂ ነፋስ አልነበረም።

ለዚህ ነው ጎህ ሲቀድ የሚበሩት። ፀሐይ መሬቱን ካሞቀችው አየሩ መታመስ ይጀምራል። ጤፍ የሚያዘራ ገበሬ ላይዳውን ይዞ አውድማ ላይ የሚጠብቀውን ነፋስ አብራሪው ይሸሸዋል። መሬት ላይ ነፋሱ በሰዓት 18 ኪሎሜትር ገደማ ካለፈ ብዙዎቹ አይነሱም። ቀጰዶቅያ ላይ ደግሞ ፈቃዱን የሚሰጠው የሀገሪቱ ሲቪል አቪዬሽን ነው፤ ነፋስ ካለ ሁሉም ይሰረዛል። ስለዚህ ለልጁ የነገርኩት፦ በረራውን በመጀመሪያው ቀን ያዝ፣ ቢሰረዝ ሌላ ቀን ይኖርሃል። ዛሬ አንበርም ካሉህ ደግሞ አትከራከር፣ እንደውም አመስግን።

እዚህ እኛ ጋ ቢጀመርስ? በጥር ጧት እሳፈራለሁ፣ በግንቦት በነፃም አልወጣም። ግን ከባህር ዳር ዳርቻ አይሁን። ሌሊቱን የቀዘቀዘው አየር ጧት ላይ ከየብስ ወደ ሐይቁ ነው የሚነፍሰው፤ ማረፊያ ስትፈልግ ከስርህ 3,000 ካሬ ኪሎሜትር ገደማ ውሃ ነው። ከሐይቁ ራቅ ብሎ፣ መርዓዊ አካባቢ ካለው ሜዳ ቢነሳ ይሻላል።