እናት ከደጅ፣ ልጅ ከምጥ

የጤና ጣቢያችን ማዋለጃ ክፍል አስተባባሪ ስሆን በሩ ላይ «አስታማሚ መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ማን እንደለጠፈው የሚያውቅ የለም። ፕላስተሩ ቢጫ ሆኗል። እናቶች ከበሩ ውጭ የአጥሚት ፔርሙዝ አቅፈው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው «ማርያም፣ ማርያም» ሲሉ ያድራሉ። ውስጥ ልጃቸው ብቻዋን ታምጣለች። ስትጮኽ «ስታረግዢው መች ጮኽሽ?» ትባላለች። አልዋሽም፣ ይቺን ነገር በጀማሪነቴ እኔም ብያታለሁ።

መጀመሪያ ቸኮልኩ። አንዷ አዋላጅ ወላድ ላይ ስትጮኽ ሰምቼ በጠዋት ስብሰባ፣ በሰው ፊት ወረድኩባት። ስለ ደግነት እየሰበክኩ ሰው አዋረድኩ። ለሳምንታት ከ«እሺ» ውጭ ቃል አልወጣትም። እውነቷን ነው። በኋላ እዚያው የጠዋት ስብሰባ ላይ ይቅርታ ጠየቅኳትና አብሬያት ሌሊት ዲዩቲ ገባሁ። ለሁለታችን ሦስት ምጥ ደረሰን። እሷ ከምሳ ወዲህ እህል አልቀመሰችም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወላድ ላይ ስትጮኽ የሰማኋት እሷ መሰለችኝ፤ እኔው ነበርኩ።

ስለዚህ ከወላዶቹ በፊት ከአዋላጆቹ ጀመርኩ። ማንም ሁለት ሌሊት እንዳያከታትል ተራውን አብረን አወጣን። የፋሲካን ሌሊት እኔ ወሰድኩ። (ያደረበት ያውቀዋል።)

ወደ በሩ የመጣነው ከዚያ በኋላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ምክረ ሐሳብ፣ ወላድ በምጥ ጊዜ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን ይመክራል። ይህን ይዤ ኃላፊያችን ጋ ሄድኩ። «የቸገረን ቦታ እንጂ መመሪያ አይደለም» አለኝ። አልተሳሳተም። ሁለት አልጋ ጎን ለጎን ነው፤ የአንዷ አስታማሚ ስትገባ የሌላዋ ገመና ይገለጣል። ክርክሩን ትቼ የጽዳት ሠራተኛችንን አማከርኳት። ገመድ ወጥረን አንሶላ እንድንሰቅል ያሰበችው እሷ ናት። አስታማሚ አንድ ብቻ፣ ሴት፣ እጇን ታጥባ፣ የክፍሉን ሸበጥ አድርጋ ትግባ ተባባልን። ለኃላፊው «አንድ ወር እንሞክረው፤ ካልሆነ ወረቀቱን እኔው መልሼ እለጥፋለሁ» አልኩት።

መጀመሪያ የገቡት እናት ምንም አልተናገሩም። የልጃቸውን ወገብ በአውራ ጣታቸው ያሹ ጀመር፤ ምጡ ሲመጣ ጠበቅ፣ ሲሄድ ላላ እያደረጉ። ያቺ የተቆጣኋት አዋላጅ ቆማ ስታያቸው ቆየችና «እማማ፣ እስቲ ያሳዩኝ» አለቻቸው።

ሁሉም እንዲህ አይደሉም። አንዷ እናት ምጥ ከያዛት ልጃቸው በላይ ጮኸው ለመነን አስወጥተናቸዋል። ወረቀቱን ግን አልመለስነውም።

ባሎች እስካሁን ደጅ ናቸው። አንሶላው ለእነሱ አይበቃም፤ ግድግዳ ይፈልጋል። ለኃላፊው ገና አልነገርኩትም።