ዋሽንግተን የሚለው ስም የተነሣበት መንደር

ከኒውካስል በስተ ደቡብ፣ የአንድ አውቶቡስ መንገድ ርቃ ያለችው የእንግሊዟ ዋሽንግተን በ1964 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አዲስ ከተማ ተብላ ስለተስፋፋች፣ አውቶቡስ ጣቢያው የሚያወርደው የገበያ ማእከል ደጃፍ ላይ ነው። የፈለግሁት አሮጌው ቤት፣ የአሜሪካው የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የጆርጅ ዋሽንግተን ቤተሰብ ስም የተነሣበት፣ ግን ዋሽንግተን ቪሌጅ በሚባለው ሰፈር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ነው።

ስሙን ማጠብ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል፣ ከ«ዋሽ» ጋር የሚያያይዝ ይሳሳታል። በጥንቱ እንግሊዝኛ ህዋሳ የሰው ስም ነው፤ «ኢንግ» ወገኖቹን፣ «ቱን» ደግሞ የእርሻ ይዞታን ያመለክታል። የህዋሳ ወገኖች ርስት ብንለው አንርቅም።

የቦታው ስም የቤተሰብ ስም የሆነው በመሬት ልውውጥ ነው። የደርሃም ጳጳስ በ1183 ያስጻፈው የቦልደን መዝገብ፣ ዊልያም የተባለ ባላባት ሃርትበርን የተባለውን መንደር ለቆ በምትኩ ይህችን መንደር እንደያዘ ይናገራል። ቤተ ክርስቲያኑና የቤተ ክርስቲያኑ መሬት ግን አልተሰጡትም። ግብሩ 4 ፓውንድ ሲሆን፣ ጳጳሱ ለታላቁ አደን ሲወጡም 4 አዳኝ ውሾች ይዞ መከተል ነበረበት። ደ ሃርትበርን የነበረው ሰው ደ ዌሲንግተን (የዋሽንግተን የዚያ ዘመን አጻጻፍ) ተባለ። «ደ» የሚለው «የ» እንደማለት ነው፤ ኋላ ቀረ። የድሮ መዝገብ የሚያገላብጥ ሰው ዋሽንግተን ብሎ ብቻ ከፈለገ የመጀመሪያዎቹን ትውልዶች ያጣቸዋል፤ በዌሲንግተንም ይፈልግ። በሱሴክስም ዋሽንግተን የምትባል ሌላ መንደር ስላለች ሁለቱ እንዳይምታቱ።

የዛሬው ቤት አብዛኛው የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ከዚያ በፊት ከነበረው፣ በማድ ቤቱና በአዳራሹ መካከል ያሉትን የድንጋይ ቅስቶች ቆሞ ማየት ይገባል፤ ብዙ ጎብኚ ዝም ብሎ ያልፍባቸዋል። ጆርጅ ዋሽንግተን እዚህ አልኖረም። የእሱ ሐረግ ወደ ላንካሻየር፣ ከዚያም ሰልግሬቭ ወደምትባል መንደር ወርዷል፤ በ1656 ወደ ቨርጂኒያ የተሻገረው ጆን ቅድመ አያቱ ነው።

ከደርሃም ተነሥቼ ዮርክ ላይ ባቡር ቀይሬ ሰልቢ ገባሁ። በገዳሙ ቤተ ክርስቲያን፣ ከመዘምራኑ ቦታ በላይ በደቡብ በኩል፣ የቤተሰቡን ዓርማ የያዘ ባለቀለም መስታወት አለ። ከፍታው ብዙ ስለሆነ መነጽር (አቅራቢው) ያስፈልጋል። በነጭ መደብ ላይ ሦስት ቀይ ኮከቦች፣ ከሥራቸው ሁለት አግድም ቀይ መስመሮች። ዲሲ የሚኖር ሐበሻ ወዲያው ያውቀዋል፤ ከተማይቱ በ1938 ባንዲራዋ ያደረገችው ይህንኑ ነው።